ሃርቪ ያለ ማይክሮስኮፕ የደምን ዝውውር እንዴት አረጋገጠ?

አንደኛ_ዓመት_ሜዲሲን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አናቶሚ ላብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ልብ በእጄ ያዝኩ። ፎርማሊን ውስጥ ከርሞ ጠንክሯል፣ ቀለሙም ግራጫ ሆኗል። የግራውንና የቀኙን ክፍል የሚለየውን ግድግዳ በጣቴ ደጋግሜ ዳሰስኩት። ድፍን ሥጋ ነው። መምህራችን ግን ጌለን የተባለው የጥንት ሐኪም "በዚህ ግድግዳ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፣ ደም በእነሱ ያልፋል" ብሎ እንደነበርና ሐኪሞችም ከሺህ ዓመት በላይ ይህንኑ ይዘው እንደኖሩ ነገሩን። ከዚያ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ደም እንደሚዞር አረጋገጠ ተባለ፣ ስላይዱ አለፈ።
ግን እንዴት? ደም ቅዳን ከደም መልስ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ስሮች ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ሰው ያላየውን ነገር እንዴት አረጋገጠ ይባላል? ፈተና ላይ የሚመጣው ዓመቱ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ፊዚዮሎጂ_አስተማሪ፦
እውነትሽን ነው እህቴ፣ ሃርቪ አላያቸውም። በ1657 ሲሞትም ያያቸው ሰው አልነበረም። ጣሊያናዊው ማልፒጊ የእንቁራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ ያገኛቸው በ1661 ነው። ታዲያ ሃርቪ ምን ይዞ ተከራከረ ካልሽኝ፣ ሒሳብ ይዞ።
በጌለን ትምህርት ደም ጉበት ውስጥ ከምግብ ይሠራል፣ በደም መልስ ወደ መላ አካል ይሄዳል፣ ከዚያ ማሳ የመስኖ ውሃ እንደሚጠጣው ሥጋችን ይጠጣዋል፣ በቃ አለቀ። ነገ ሌላ ይሠራል። ሃርቪ "በሰዓት ስንት ያልፋል?" ብሎ ጠየቀ። የሬሳ ልብ ግራ ክፍል ከ2 አውንስ በላይ ደም ሲይዝ አይቷል። ተቃዋሚዎቹ እንዳያመልጡት ግን ቁጥሩን ሆን ብሎ ዝቅ አደረገው። በአንድ ምት ግማሽ አውንስ ብቻ ይውጣ፣ በግማሽ ሰዓትም 1000 ጊዜ ብቻ ይምታ አለ። እውነተኛው ልብ እኮ በዚያ ጊዜ ከ2000 በላይ ይመታል! በዚህ በተቀነሰው ቁጥር እንኳ 500 አውንስ ይወጣል፣ በዛሬ ሚዛን 15 ኪሎ ያህል። በሰውነታችን ያለው ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። ማን ምን በልቶ ነው በግማሽ ሰዓት ይህን ሁሉ ደም የሚሠራው? ከተሠራስ የት ይገባል? ያው ደም ተመልሶ መምጣት አለበት፣ ሌላ መውጫ የለም።
ደግሞ የእኛን ቃል ልብ በይው። "ደም መልስ" ስንል መመለሱን ስሙ ውስጥ አስገብተነዋል። ለጌለን ተማሪዎች ይህ ስም ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ደም_ቀጂዋ_ነርስ፦
እኔ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራዬ ልንገርሽ። ደም ስቀዳ ክንድ አስራለሁ፣ ማሰሪያ ከጠፋ ጓንት እጠመጥማለሁ። መጠነኛ አድርጌ ሳስር ከማሰሪያው በታች ያለው ደም ስር ይወጠራል። ከመጠን በላይ ካጠበቅኩት ግን ምንም አይወጣልኝም፤ እጁ ይነጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ አንጓው ላይ ያለው ትርታ ይጠፋል። ሥራ ስጀምር ይሄ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፣ አንድ አሮጊት እናት ላይ ሦስቴ ወግቼ ያለቀስኩበትን ቀን አልረሳውም።
ይህንኑ ሃርቪ በመጽሐፉ ጽፎታል። ደም ቅዳ ጠለቅ ያለና ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ የሚዘጋው በጣም ሲጠብቅ ነው። ደም መልስ ለቆዳ ቅርብ ነው፣ በመጠነኛ ማሰሪያ ይዘጋል። ስለዚህ ደም ወደ እጅ ይገባል፣ መመለሻ ግን ያጣል፣ እጁም ያብጣል። በደም ቅዳ ሄዶ በደም መልስ እንደሚመለስ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?
ሌላም አለ። በጣሊያኗ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ፋብሪሲየስ ደም መልስ ውስጥ ያሉትን ቫልቮች በ1603 አሳትሟቸዋል፣ "ትናንሽ በሮች" ብሎ ነው የጠራቸው። እሱ የመሰለው ደም ወደ ታች እንዳይጎርፍ ፍጥነቱን የሚቀንሱ ነው። በሮቹ የሚከፈቱት ወደ ልብ ብቻ መሆኑን ያሳየው ተማሪው ሃርቪ ነው። ክንድሽን እሰሪና ሞክሪው። ያበጠውን ደም ስር በአንድ ጣት ተጫኚ፣ በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ ግፊው። ከዚያ የላይኛውን ጣት አንሺ።

የታሪክ_ሱሰኛ፦
ጌለን ላይ አትፍረዱበት። በዘመኑ የሰው ሬሳ መክፈት ስለማይቻል የሠራው በዝንጀሮና በአሳማ ነው። የአሳማ ነርቭ አስሮ ድምፁ ሲጠፋ ያሳየ፣ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው አየር ሳይሆን ደም መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ነው። ጥፋቱ እሱ ያደረገውን ትተው ያለውን ብቻ በሸመደዱት ላይ ነው።
ግድግዳው ድፍን ነው ያልሽውን ደግሞ ኢብን አል-ነፊስ የተባለው የደማስቆ ተወላጅ ሐኪም በ1242 ጽፎታል። ደም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በሳንባ በኩል ነው ብሏል። ጽሑፉን አንድ ግብጻዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘው በ1924 ነው። ስሙ ስላይዳችሁ ላይ ከሌለ መምህራችሁን አስጨምሯቸው።
ሃርቪ የእባብና የእንቁራሪት ልብም ይመረምር ነበር፣ ምታቸው ዝግ ያለ ስለሆነ እንቅስቃሴውን በዓይን መከተል ይቻላል። የእባቡን ደም መልስ ሲቆነጥጠው ልቡ ባዶ ሆኖ ይገረጣል፣ ደም ቅዳውን ሲቆነጥጠው ደግሞ ልቡ ይወጠራል። እነዚያ እንስሳት በሕይወት እያሉ ያለ ማደንዘዣ ነው የተቀደዱት። እሱን ሳስብ ይከብደኛል፣ ሳልጠቅሰውም ማለፍ አልፈልግም።

አንደኛ_ዓመት_ሜዲሲን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አሁን ዶርም ውስጥ በነጠላዬ ጫፍ ክንዴን አስሬ ሞከርኩት። የላይኛውን ጣቴን ባነሳም ደሙ ወደ ታች አልመለስ አለ፣ ደም ስሩ እስከ ቫልቩ ድረስ ባዶ ሆኖ ቀረ። የታችኛውን ጣቴን ሳነሳ ወዲያው ሞላ። ጮህኩ! የዶርም ልጆች ተራ በተራ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። አንዷ ላይ ግን ምንም ደም ስር አይታይም፣ ምን ላድርግ?

ደም_ቀጂዋ_ነርስ፦
ክንዷን ለብ ባለ ውሃ አሙቂላት፣ ወደ ታች ታንጠልጥለው፣ ጡጫዋን ጨበጥ ለቀቅ ታድርግ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ታስሮ እንዳይቆይ ብቻ።