የውሃ ኮሚቴ ሰልጥኖ ለምን አይዘልቅም? ደሴቶቹስ እንዴት ያደርጋሉ?

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ቤተሰብ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ውስጥ የእጅ ፓምፕ ኮሚቴ አግዛለሁ። አምና ሦስት ቀን ስልጠና ተሰጠ፣ አበልም ተከፈለ። ዘንድሮ ፓምፑ ቆመ። የተበላችው አንዲት ጎሚኒ ናት፤ ግን ከሰለጠኑት ልጆች አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅዳ ገብቷል፣ የቀረነው ደግሞ የመፍቻውን ቁጥር እንኳን አናውቅም። እናቶች ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ኪሪባቲና ቱቫሉ የሚባሉ አገሮች አሉ፤ ሚጢጢ ደሴቶቻቸው ላይ መሐንዲስ እንደልብ አይገኝም። እውቀቱን መንደራቸው ውስጥ እንዴት ነው የሚያቆዩት?

የቧንቧ ውሃዋ (ደሴ)፦
አብሽር ወንድሜ። ውሃ ምህንድስና ስለተማርኩ የማውቀውን ልበል። ኪሪባቲ ውስጥ እንደ ታራዋ ባለ ዝቅተኛ የኮራል ደሴት፣ የሚጠጣው ውሃ ከመሬት በታች ጨዋማው ላይ ተንሳፎ ነው ያለው፣ ጨዋማው ስለሚከብድ። ከአንድ ጉድጓድ ውሃ መሳብ ካበዛህ ጨው ከታች ይመጣብሃል። ስለዚህ ዋናው ሙያ መሳብ መቼ እንደሚቆም ማወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ዲግሪ አይጠይቅም፣ በእጅ የምትያዝ የጨው መለኪያና ደብተር ይበቃል። ቱቫሉዎች የሚጠጡት በብዛት ከጣራ የሚጠራቀም ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዝናብ ጠፍቶ አስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ነው፣ አሸንዳው ካላፈሰሰ። ሮቶው ውስጥ የስንት ቀን ውሃ እንደቀረ የሦስተኛ ክፍል ልጅም ያሰላዋል።

ሐይቅ ዳር፦
እህታችን ልክ ብላለች። እኛ ጋ ያለው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ቁልፉንም ደብተሩንም ከሰፈር ለማትለይ አንዲት እናት ሰጠን። ሲባጎ ላይ ድንጋይ አስራ መሬት እስኪነካ ትለቃለች፣ ስታወጣው እርጥቡን በክንድ ትለካለች፣ ልጇ ይጽፋል። ሚያዝያ ላይ ሁለት ክንድ ሲቀር "ለከብት አይቀዳም" አለች፣ ማንም አልተከራከራትም፣ ምክንያቱም ደብተሩን ሁሉም አይቶታል። ወጣት ብቻ አታሰልጥኑ፣ ወጣት ይሄዳል። ውሃ የሚቀዳውን ሰው አሰልጥኑ።

የኮምቦልቻው፦
አላህ ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ቅዳሜ ፓምፑን ስንፈታ መፍቻውን እኔ አልይዝም፣ ሦስት እናቶች ራሳቸው ይፈቱታል። አሁን የቸገረኝ ጎሚኒዋ ናት። ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት የእጅ ፓምፕ ነው። ደሴ የት እንደምትሸጥ የሚያውቅ ይጻፍልኝ።