ተርነር ለጥቁሮች «ወደ አፍሪካ እንሂድ» ያለው ልክ ነበር?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ሄንሪ መክኒል ተርነር ላይ ነው። ለማያውቁት በአጭሩ፦ በ1834 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ባርያ ካልነበሩ ጥቁር ወላጆች ተወለደ። የሜቶዲስት ሰባኪ ሆነ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1863 የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር ቄስ ሆኖ ተሾመ፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር የጦር ቄሶች አንዱ ነው። በኋላ የጆርጂያ ምክር ቤት አባል፣ ከዚያም የጥቁሮቹ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የኤ.ኤም.ኢ. ጳጳስ፣ አትላንታ ውስጥ ደግሞ የሞሪስ ብራውን ኮሌጅ ኃላፊ። እስከ ዕድሜው መጨረሻ ጥቁሮች አሜሪካን ለቀው ወደ አፍሪካ እንዲሄዱ ቀሰቀሰ። ልክ ነበር ወይስ ሰው አሳሳተ? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ አይፈቀድም።

የአትላንታው፦ ልክ ነበር፣ አራት ነጥብ። ሰውየውን «ሂዱ» ያሰኘው ምን እንደሆነ ሳናይ አንፍረድ እንጂ። ዋሽንግተን ውስጥ የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወጣቶችን ለጦሩ የመለመለው እሱ ነው። አብሯቸው ዘመተ። ፒተርስበርግ ውጊያ ላይ ነበሩ፣ ፎርት ፊሸርም ውጊያ ላይ ነበሩ። በጦርነቱ መሀል ፊደል ያስቆጥራቸው ነበር፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ማንበብ መማር በሕግ ከተከለከለበት አገር የመጡ ናቸው። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲያገኝ ጥቁሩ 10 ነበር የሚከፈለው፣ ከሷም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ትቆረጣለች። ይህ እስከ 1864 ድረስ ነው። ሞት እኩል፣ ደመወዝ ግን ሰባት ዶላር! ይሁን ብለው ተዋጉ፣ አሸነፉ።

ከዚያስ? በ1868 ከሜከን ከተማ ተመርጦ የጆርጂያ ምክር ቤት ገባ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነጮቹ ተሰብስበው «ጥቁር መምረጥ ይችላል እንጂ መመረጥ አይችልም» ብለው እሱንና ጓደኞቹን አባረሯቸው። ያኔ ያደረገው ንግግር እስከ ዛሬ ይነበባል፦ መብቴን ለመለመን ለማንም አላጎነብስም፣ እኔ ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም፣ እሱን ንገሩኝ ነው ያላቸው። ፌዴራል መንግሥቱ በ1870 መለሳቸው፣ ግን ብዙም አልቆየ። በ1883 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁሮች በሆቴልና በባቡር እንዳይገለሉ የሚያዘውን የሲቪል መብት ሕግ ሰረዘው። ደሙን የሰጠለት አገር እንዲህ ካደረገው በኋላ ምን ይበል? «ታገሱ»?

ሸገር ነኝ፦ ወንድሜ፣ በደሉን ማንም አልካደም። ጥያቄው ሌላ ነው። በ1895 ሆርሳ የምትባል መርከብ ሁለት መቶ ገደማ ሰው፣ በ1896 ደግሞ ላውራዳ ከሦስት መቶ በላይ ሰው ጭና ከሳቫና ወደብ ወደ ላይቤሪያ ሄደች። የሄዱት እነማን ናቸው? ከጥጥ እርሻ ላይ በግማሽ ሲያርሱ የኖሩ ድሆች። ያለቻቸውን ሸጠው ነው የወጡት። ደርሰው ምን ጠበቃቸው? ወባ። ብዙ ሰው ሞተ። የተረፉት የተወሰኑት ተመልሰው መጥተው ያዩትን ተናገሩ፤ ንቅናቄውም ከዚያ በኋላ ተንኮታኮተ። ጳጳሱስ የት ነበር የሚኖረው? አትላንታ! ለመጎብኘት ይሄዳል፣ ይመለሳል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው።

ሌላም አለ። በ1893 ሲንሲናቲ ላይ ትልቅ ጉባኤ ጠርቶ ነበር። የራሱ ሕዝብ ተወካዮች ተሰብስበው ሰሙትና ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ያገሬው ሰው «እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ለፍቼ ለምን እሄዳለሁ» ሲል አንተ ከሱ በላይ ልታውቅለት ነው?

ጋሼ ቦስተን፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። እሳቸው ሁሉም ይሂድ አላሉም። የሚችለውና የሚፈልገው ይሂድ፣ ሄዶም መንግሥት ያቁም ነው ያሉት። መንገዱንም አሜሪካ ትክፈል ብለዋል። ያለ ደመወዝ የተሠራበትን ዘመን አስልተው 40 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አለባችሁ ያሉ ሰው ናቸው። ዛሬ ስለ ካሳ የምንሰማው ክርክር ያኔም ነበር።

እኛን የሚነካም ነገር አለ። በ1892 ፕሪቶሪያ ውስጥ ማንጌና ሞኮኔ የሚባሉ የሜቶዲስት አገልጋይ፣ ነጮቹ ሲያገሏቸው ተገንጥለው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። ስሟን ምን አሏት? የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው መዝሙር ወስደው ነው። በ1896 ከተርነር ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሃዱ፣ ተርነርም በ1898 ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄደው ብዙ አገልጋዮችን ሾሙ። የቅኝ ገዢዎቹ ጋዜጦች ያን ጊዜ የጻፉትን ብታዩ ጉድ ትላላችሁ፤ እንቅልፍ አጥተዋል። ያ 1896 እንግዲህ የአድዋ ዓመት ነው። እንዲያውም ላውራዳ ከሳቫና የተነሳችበት ወርና የአድዋ ወር አንድ ነው፣ በፈረንጅ ማርች። እሳቸው አላቀዱትም፣ ግን ሳልጠቅሰው ባልፍ ይቆጨኛል።

ሀበሻዊት፦ ጋሼ፣ ስለ ኢትዮጵያ ስም የነገሩን ደስ ይላል፤ ግን ጣፋጩን ብቻ አንምረጥ። ተርነር ባርነትን እግዚአብሔር የፈቀደው አፍሪካውያን ክርስትናና ሥልጣኔ ተምረው ተመልሰው አህጉሪቱን እንዲያሠለጥኑ ነው ብሎ ያምን ነበር። እስቲ ይሄን ለአክሱም ሰው ንገረው! ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ ባለበት አህጉር ላይ «ላሠልጥናችሁ» ብሎ መምጣት ከነጭ ሚሲዮን በምን ይለያል? ላይቤሪያን ደግሞ ተመልከቱ። ከአሜሪካ የሄዱት ሰፋሪዎች ሥልጣኑን ይዘው የአገሩን ተወላጆች ለብዙ አሥርት ዓመታት ከምርጫ ውጭ አደረጓቸው። ከጆርጂያ ምክር ቤት የተባረረ ሰው ይሄንን ማየት ነበረበት።

ደግሞ ሰውየው ጠባብ ነበር ማለቴ አይደለም። በ1885 ሳራ አን ሂዩዝ የምትባል ሴት ዲያቆን አድርጎ ሾመ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ግን በ1887 ሹመቷን ሰረዘው። በዚያ ዘመን እንዲህ የደፈረ ሰው ላይቤሪያ ላይ ለምን ዓይኑን ጨፈነ ነው የኔ ጥያቄ።

የአትላንታው፦ እህቴ የላይቤሪያውን እቀበላለሁ፣ ያ ጥያቄ ከባድ ነው። «አልሄደም» የሚለውን ግን አልቀበልም። አራት ጊዜ አፍሪካ ተመላልሷል፤ በ1891 ሴራሊዮንና ላይቤሪያ ሲሄድ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው። የሚመራው ቤተ ክርስቲያንና ኮሌጅ አለው። ሁሉን ጥሎ ቢሄድ «ሕዝቡን ትቶ ፈረጠጠ» የምትሉት እናንተው ናችሁ።

ሸገር ነኝ፦ እኔማ አልልም። ሄዶ ወባዋን አብሯቸው ቢቀምሳት ኖሮ ሁለተኛዋ መርከብ አትነሳም ነበር ባይ ነኝ። ጋሼ ያሉት 40 ቢሊዮን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እሱ ላይ አብሬ እፈርማለሁ። ግን ገንዘቡ አልተከፈለም። ብሩ ሳይመጣ፣ ሐኪም ሳይላክ፣ ማረሻ ሳይገዛ ሰው መርከብ ላይ እንዲወጣ መቀስቀስ ደግሞ የአሜሪካ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የቀስቃሹም ጭምር ነው። እዚህ ላይ የሚመልስልኝ ሰው ካለ እጠብቃለሁ።