«ልቤ ሸፍቷል» ማለት ውሽማ ይዣለሁ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አንዲት ዘመዳችን ከባሏ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆነች ቆይታለች። ሽማግሌ ተቀምጦ «ምን በደለሽ?» ብትባል፣ «አልመታኝ፣ አላስራበኝ፤ መውጣት መግባቴ እየተቆጠረ ስኖር ግን ልቤ ሸፈተ» አለች። አንዱ ሽማግሌ ቀበል አድርገው «ሰውየው ማን ነው?» አሏት። አነጋገሯ ይህን ያስጠይቃል? ከ«ወሸመች» እና ከ«ማገጠች» ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ በፍጹም አንድ አይደለም። ሸፈተ ማለት አልገዛም ብሎ ጫካ ገባ ነው። ዛሬ ሽፍታ ሲባል ቀማኛው ብቻ ይታየናል እንጂ ድሮ የተበደለም፣ ሹመት የተነፈገም ይሸፍት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ቋራ ላይ ሸፍተው ኖረዋል። እንግዲህ ልብ ሸፈተ ሲባል ቀድሞ የሚሰማው እምቢታው ነው። ሴትዮዋ ቡናዋን ታፈላለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ ከቤቷ ንቅንቅ አላለችም፤ ልቧ ግን ለባሏ ማደሩን ትቷል። ወሸመ እና ማገጠ የተፈጸመ ነገር ይናገራሉ፣ ሁለተኛ ሰውም ይፈልጋሉ። መሸፈት ብቻን ይቻላል። ሽማግሌው ያልተባለውን ነው የሰሙት፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሌላ መልስ፦ በሥረ ነገሩ እስማማለሁ፤ መስተዋድዱን ግን አንርሳ። «ልቧ ከባሏ ሸፈተ» ሲባል የሸሸችውን እናውቃለን። «ልቧ ወደ እሱ ሸፈተ» ከሆነ ፍቅር ገብቶበታል። እሷ ሁለቱንም ሳትል ስለተወችው ክፍቱን ሽማግሌው ሞሉት። አዲስ አበባ ላይ ስለ ባለትዳር ሴት ሲነገር ብዙ ጆሮ ወደ ሁለተኛው ያደላል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሥራውን ሊለቅ ላሰበ ሠራተኛ ሲባል ግን ማንም ክፉ አይጠረጥርም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልናገር፣ የምትወደው ሰው አለ። ደግ ቃል የሰማችው ከእሱ ነው፤ በመካከላቸው የሆነ ነገር ግን የለም፣ እሷም ፈርታ ስልኩን ማንሳት ትታለች። አሁን ለፍርድ ቤት ማመልከቻ እየጻፈች ነው፤ ይህንኑ ቃል ልታሰፍረው አስባለች።

መልስ፦ እባክህ ወንድሜ፣ አስተዋት። አዲስ አበባ ከሆነች የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ለመጠየቅ የባልን ጥፋት አስረጂ አይላትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አመንዝራነትን በተበዳዩ የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ያስቀጣል። የልብ መሸፈት ከዚያ አይቆጠርም፤ የባል ወገን ግን እንደ ሽማግሌው ሊተረጉምባት ይችላል። «ጋብቻችን በፍቺ እንዲፈርስልኝ እጠይቃለሁ» ብላ ትጻፍ፤ ይበቃታል። የልቧን ለሚረዳት ሰው ትንገር።