የጭልፊት ክርን ወልቋል፦ ፋሻ ይበቃል ወይስ አጥንት ውስጥ የሚገባ ፒን?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ጭልፊት ናት፣ 620 ግራም። የግራ ክርኗ ወልቆ ክንፏን ትጎትታለች። አይሶፍሉሬን (የሚተነፈስ ማደንዘዣ) አለ። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ልውጋት?

ቬት ቢሾፍቱ፦ ኧረ እንዳታደርገው! የደቡብ እስያን ጥንብ አንሳዎች ኩላሊት እያቃጠለ የፈጀ መድኃኒት ነው። በምትኩ ሜሎክሲካም በኪሎ 0.5 ሚ.ግ. በቀን ሁለቴ፤ ለእሷ 0.3 ሚ.ግ. ገደማ።

ወንዝ ዳር፦ የስምንት ቁጥር ፋሻ (ክንፉን አጥፎ በ8 ቅርጽ የሚያስር) አድርግላትና ተዋት።

ራጅ ይቅደም፦ ወልቋል ያልከው ዳስሰህ ብቻ ነው? ኮራኮይድ (ትከሻን ከደረት አጥንት የሚያያይዘው አጥንት) ሲሰበርም ክንፍ ይወርዳል፤ ክርን አጠገብ ያለ ስብራትም ውልቃት ይመስላል። በሁለት አቅጣጫ ራጅ ሳታነሳ እንዳትጎትት። መቼ ነው የወለቀው? ቁስልስ አለው? ቀናት ካለፉት ጡንቻው ይኮማተርና በእጅ አይመለስም።

ጫጩት ጠባቂ፦ ጫጩት ስትሰርቅ ነው የወለቀችው፤ ዋስ አትሁናት።

ጠያቂ፦ ትናንት ማታ ነው። ራጁ ስብራት አያሳይም፤ አልና (ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች አንዱ) ወደ ኋላና ወደ ላይ ሸሽቷል። ቆዳው ደህና ነው።

መምህር፦ ሁለት ነገር ይወቁ፤ የወፍ ትንፋሽ ቧንቧ ቀለበቱ ሙሉ ስለሆነ የሰመመን ቱቦውን ፊኛ አይንፉ፣ ይቀደዳል። ደረቷንም አይጫኑ፤ የደረት አጥንቷ ካልተንቀሳቀሰ አትተነፍስም። ዋና ዋና ላባዎችን አይንቀሉ። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ያሳውቁ።

ቬት ቢሾፍቱ፦ እንግዲያው ዕድል አላት። በሙሉ ሰመመን ክርኑንም የእጅ አንጓውንም እጠፍ። ራዲየስና (ሁለተኛው አጥንት) አልናን አንድ ላይ ወደ ውስጥ አዙር፤ የራዲየስን ራስ ከላይ በአውራ ጣትህ እየተጫንክ ክርኑን ቀስ ብለህ ዘርጋ። ቀጭ ሲል ገብቷል። ከዚያ አጥፈህ ዘርጋው፤ ካልወጣ ክንፉን ከሰውነቷ ጋር ጠቅልለው። ከወጣ ግን ፋሻ አይዘውም፤ ፒን ይፈልጋል።

ወንዝ ዳር፦ ያልኩት እሱን ነው፣ ፋሻ።

ጠያቂ፦ ገባ! ስዘረጋው ግን ይንሸራተታል። ያለኝ 1.2 ሚ.ሜ. ፒን ብቻ ነው።

ቬት ቢሾፍቱ፦ ከአጥንቱ ውፍረት ሲሶ እስካላለፈ ይበቃል። ሁለት በላይኛው ክንድ፣ ሁለት በአልና። ላይኛው ላይ ሬዲያል ነርቭ ስለሚያልፍ ቆዳውን ቀደህ፣ ሥጋውን በደነዘዘ መሣሪያ ገልጠህ አጥንቱን እያየህ ውጋ። ክንፉ ቆማ በምታጥፈው ልክ ይሁን። ውጪ የፒኖቹን ጫፍ በጥርስ አክሪሊክ (ሲደርቅ የሚጠነክር ፕላስቲክ) እሰር፤ ሲደርቅ ስለሚግል ከቆዳው አርቀው። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አውጣው፤ ከዘገየ የክንፉ የፊት ቆዳ ያጥርና ክንፉ አይዘረጋም። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ በሰመመን እየዘረጋህ አላምደው።

ወንዝ ዳር፦ እኔ አሁንም ፋሻ ይበቃል ባይ ነኝ።