ሬዞናንስን «ማስተጋባት» ብንለው ያስኬዳል?

— ሰላም ጓዶች፣ ስለ አስትሮይዶች (ፀሐይን ስለሚዞሩት ትናንሽ ዓለታማ አካላት) አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው፣ «የስበት ሬዞናንስ» የሚለውን ለጊዜው «የስበት ማስተጋባት» ብዬዋለሁ፣ ምን ትላላችሁ?

— ማስተጋባት እኮ ለድምፅ ነው ወዳጄ፣ ገደል ሲመልስልህ። እዚህ ጋ የሚመለስ ነገር የለም፣ ያለው የዙር መግጠም ነው። ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ ከፀሐይ ምድር ካለችበት 2.5 እጥፍ ርቆ ያለ አስትሮይድ ግን 4 ዓመት እንኳን አይሞላበትም፣ ማለትም ጁፒተር አንዴ ሲዞር እሱ ሦስቴ፣ ስለዚህ ሁለቱ የሚቀራረቡት ሁሌ እነዛው ቦታዎች ላይ ነው፣ ጉተታውም አይበታተንም ይጠራቀማል፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ጊዜውን ጠብቀህ ነካ ነካ ስታደርገው ከፍ እያለ እንደሚሄደው። የአስትሮይዱ ምህዋር እየተለጠጠ የማርስን ብሎም የምድርን መንገድ ማቋረጥ ይጀምራል፣ ብዙዎቹ መጨረሻቸው ፀሐይ ውስጥ መግባት ወይ ከነጭራሹ ተወርውሮ መውጣት ነው።

— እንደዛ ከሆነ «የስበት ማባረር» በለዋ ሃሃ

— ሂልዳ የሚባሉትን አስትሮይዶችስ ምን ልታደርጋቸው ነው? እነሱም ሬዞናንስ ውስጥ ናቸው፣ 3 ለ 2፣ ጁፒተር ሁለቴ ሲዞር እነሱ ሦስቴ። ከፀሐይ በጣም ሲርቁ ወደ ጁፒተር መንገድ ይጠጋሉ ግን እነሱ እዛ ሲደርሱ ጌታው ጁፒተር ሁሌ ሌላ ቦታ ነው፣ ወይ 60 ዲግሪ ገደማ ይቀድማቸዋል ወይ ያን ያህል ይከተላቸዋል ወይ ከፀሐይ ማዶ ነው። ያው ሬዞናንስ አንዱን አባሮ ሌላውን ይጠብቃል፣ ስለዚህ ቃሉ ማባረርም መጠበቅም ባይኖርበት ነው የሚሻለው። «ግጥሚያ» እንዳንል ሰው ኳስ ይመስለዋል፣ «ግጥምጥሞሽ» ደግሞ እንዲያው ባጋጣሚ የሆነ ያስመስለዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ «ሬዞናንስ (የዙር መግጠም)» ብዬ ከዛ በኋላ ሬዞናንስ እያልኩ እቀጥላለሁ።

— አመሰግናለሁ። ሬዞናንሱ አስትሮይዶችን ያባረረባቸው ርቀቶች የሚጠሩበት «የኪርክውድ ክፍተቶች»ስ ችግር አለው?

— ስሙ ጥሩ ነው፣ አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዳንኤል ኪርክውድ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳወቃቸው ናቸው፣ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምርበት፣ አንባቢ ሰማይ ላይ ባዶ ቀለበት ያለ እንዳይመስለው። ምህዋራቸው ሞላላ ስለሆነ አስትሮይዶች በዛ ርቀት ሁሌ ያልፋሉ፣ ክፍተቱ የሚታየው በአማካይ ርቀታቸው ስትደረድራቸው ብቻ ነው።