ለፒኤችዲ ማመልከቻ የትኛውን ጽሑፌን ልላክ?

የሂርማታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት። በታሪክ ተመርቄ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አሜሪካ ለታሪክ ፒኤችዲ ላመለክት ነው። ቀነ ገደቡ ታኅሣሥ 6 ነው፤ በፈረንጁ ዲሴምበር 15። ሌላው ሁሉ ተሟልቷል። የያዘኝ የጽሑፍ ናሙናው ነው። ከ20 ገጽ እንዳይበልጥ ይላል።

እጄ ላይ ሁለት አለ። አንደኛው ስለ ዐድዋ የጻፍኩት ተርም ፔፐር ነው። 16 ገጽ፣ ኤ ፕላስ ያገኘሁበት፣ እንግሊዝኛውም ንጹሕ የሆነ። ግን ሁሉንም ያሰባሰብኩት ከታተሙ መጻሕፍት ነው።

ሁለተኛው ሲኒየር ኤሴዬ ነው፤ የዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ። 58 ገጽ፣ እዚሁ ጅማ ስላለው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ፤ ከአባ ጅፋር ዘመን ጣሊያን በ1928 እስከገባበት ድረስ። ለእሱ ስል አንድ ክረምት ሙሉ በዝናብ ሽማግሌዎች ቤት ስዞር ከርሜያለሁ። አባታቸው የሲራራ ነጋዴ የነበሩ አንድ አዛውንት ከሳጥናቸው አሞሌ ጨው አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ዳር ዳሩ ተሸርፏል። አንዱ ጎኑ በጭስ ጠቁሯል። «በእኛ አገር ዝናብ እንዳይሟሟ ከምድጃው በላይ ይሰቅሉት ነበር» አሉኝ። እሳቸው የነገሩኝ ምዕራፍ 3 ውስጥ አለ። እንግሊዝኛው ግን ይጎረብጣል።

ጓደኞቼ ኤ ፕላሱን ላኪ ይሉኛል። ልቤ ወደ ሂርማታ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የቆጪ ልጅ፦
እህቴ፣ እኔም ጅማ ነው ያደግኩት። አሁን ውጭ ታሪክ እየተማርኩ ነው፣ ሦስተኛ ዓመቴ። ሲኒየር ኤሴይሽን ላኪ። ኤ ፕላሱን ከትራንስክሪፕትሽ ላይ ያዩታል። ከናሙናው የሚፈልጉት ማስረጃ እጅሽ ሲገባ ምን እንደምታደርጊበት ማየት ነው። እነሱ ራሳቸው ያነበቡትን መጽሐፍ መልሰሽ ብትነግሪያቸው ምን ይጠቅምሻል? ያንን አሞሌ በመዳፏ የያዘች አመልካች አንቺ ብቻ ነሽ!

ግን 58ቱን ገጽ ወደ 20 አትጨምቂው፤ ይሞትብሻል። ምዕራፍ 3ን ብቻ አውጪው። ከፊቱ አንድ አጭር አንቀጽ ጻፊ፤ ከምን እንደተወሰደና ሙሉው ጥናት ምን እንደሚጠይቅ። ፊደል አሳንሰሽ ገጽ ለመቆጠብ እንዳትሞክሪ። የግርጌ ማስታወሻዎቹን አትንኪያቸው። የመጻሕፍት ዝርዝሩ ከ20ው ይቆጠር እንደሆነ ግን ዲፓርትመንቱን በኢሜይል ጠይቂ፤ እንደየቦታው ይለያያል።

መምህሩ፦
እኔ ትንሽ ልቃወም። የተማሪ ጽሑፍ ሳርም ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ጎርባጣ ጽሑፍ ያደክማል። አንባቢው ሁለተኛው ገጽ ላይ ከደከመው አሞሌሽ ጋር አይደርስም። ስለዚህ ምዕራፉን ከአሞሌው ጀምሪው። ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጪው። ለዚህ ሁለት ሳምንት ከሌለሽ ግን ልጄ፣ ዐድዋውን ላኪ።

የሂርማታዋ፦
ሦስት ሳምንት አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ መምህር። አንድ ነገር ግን፦ ቃለ መጠይቆቹ በኦሮምኛ ናቸው፤ የተረጎምኳቸው እኔ ነኝ። ይህ ያስጠረጥረኛል?

የቆጪ ልጅ፦
እንዲያውም ያስመሰግንሻል። የተረጎምሽው አንቺ መሆንሽን በግልጽ ጻፊ። ዋና ዋናዎቹን ንግግሮች በኦሮምኛው ከግርጌ አስቀምጪ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ፕሮፌሰር ካለ ያመሳክረዋል። ደግሞ የአባባን ስም ከጠቀስሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። ያኔ ያናገሩሽ ለትምህርት ቤት ሥራ ብለው ነው። አሁን ባሕር ተሻግሮ ሊነበብ ነው።

የሂርማታዋ፦
ስለ ፈቃዱ አላሰብኩም ነበር። እውነት ነው። ነገ ከክፍል ስወጣ ቡና ይዤ እሄዳለሁ። በአንድ አሞሌ ምን ምን ይገዛ እንደነበር ያኔ ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ፤ እሱንም እጠይቃቸዋለሁ።