ለደንበኞች በምንጽፈው መልእክት ውስጥ የትኛው ሰላምታ ይሻላል?

መርካቶ ውስጥ መጋረጃና ምንጣፍ በሚሸጥ ሱቅ በቴሌግራም ለሚመጡ ጥያቄዎች መልስ የምሰጠው እኔ ስሆን፣ በሰላምታ ጉዳይ ከአሠሪዬ ጋር መስማማት ስላልቻልን ምክራችሁን እጠይቃለሁ። እሳቸው እያንዳንዱ መልእክት «ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ደንበኛችን» ብሎ እንዲጀምርና እስከ መጨረሻው በ«እርስዎ» እንዲዘልቅ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ከጠያቂዎቻችን ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ «ሰላም፣ ይሄ በሜትር ስንት ነው?» ብሎ ለጻፈ ሰው የባንክ ደብዳቤ የሚመስል መልስ ስልክለት፣ አንዱ «ኧረ አንቱታው ይቅር» ሲለኝ ሌላው ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል።

ወደ አንተና አንቺ መውረድም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ሰው በፎቶው ቦታ አበባ ወይም የቅዱሳን ሥዕል ስለሚያደርግ፣ እንደ ደስታ ያለው ስምም ለወንድም ለሴትም ስለሚወጣ፣ «የመስኮቱን ልክ ላክልኝ» ልበል ወይስ «ላኪልኝ» የሚለው ያስጨንቀኛል። ዕድሜያቸው የገፋ እናት ቢሆኑማ ነገሩ ነውር ነው። ዋጋ ስናገር «ሜትሩ ይህን ያህል ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ልክና አድራሻ ስጠይቅ ግን ማምለጫ የለኝም።

እኔ ያሰብኩት በአጭር «ሰላም፣ እንኳን ደህና መጡ» ጀምሬ፣ ደንበኛው ራሱ ሲፈቅድ ብቻ አንቱታውን ለመተው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ይህ አካሄድ ያስኬዳል? አንዴ የተጀመረውን አንቱታ መሃል ላይ መተው ደንበኛን ያስቀይም ይሆን?